ለገሃር ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሲንቄ

ይህ የሆነው ጃንሆይ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀራቸው፣ እዚያው ተወልጄ ባደግሁበት አሰላ ከተማ ነው። ያኔ ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስሜ ሩቂያ ይባላል። አባቴ ገበያው ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው። እናቴ ፋጡማ ከበቆጂ ወዲያ ካለው ገጠር ለአባቴ ተድራ የመጣች የአርሲ ሴት ናት። ከእናቴ ጋር በኦሮምኛ፣ ከሱቁ ደንበኞች ጋር በአማርኛ፣ ከአባቴ ጋር ደግሞ አፌ ላይ በመጣልኝ እያወራሁ አደግሁ። ትምህርቴን ስጨርስ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። በቤታችን ደመወዝ የሚባል ነገር ያመጣሁት የመጀመሪያዋ እኔ ስለነበርኩ አባቴ በየሄደበት ስሜን ሳያነሳ አይመለስም ነበር።

ከከተማው በታች በኩል፣ መንገዱ ወደ ቆላው ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት ቦታ፣ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ አንድ ረጅም ቤት አለ። ሰው ሁሉ ለገሃር ይለዋል። ጣሊያን ከናዝሬት ሐዲድ ዘርግቼ ባቡር አመጣለሁ ብሎ ነው የሠራው ይባላል። የመሳፈሪያው ደረጃ፣ የትኬት መሸጫው መስኮት፣ ግንባሩ ላይ ሰዓት ሊገባበት የተተወው ክብ ቀዳዳ ሁሉ አለ። የሌለው ባቡሩ ብቻ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንዴ የእህል መጋዘን፣ አንዴ የፖሊስ ማደሪያ ሲሆን ቆይቶ በመጨረሻ ጣሪያው እያፈሰሰ ባዶውን ቀረ።

አለቃዬ አቶ ታምራት ይባላል። ከአዲስ አበባ ተሹሞ የመጣ፣ ጫማው ጭቃ እንዲነካው የማይፈልግ ሰው ነው። ጭቃ ደግሞ አሰላ ውስጥ ሞልቷል። እሱ ነው ያንን ቤት የአውራጃው ታሪክ ሙዚየም እናደርገዋለን ብሎ የተነሳው። ጣሪያው ተጠገነ፣ ግድግዳው ኖራ ተቀባ። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ከአዲስ አበባ መጥተው ቅዳሜ ዕለት ሊመርቁት ቀን ተቆረጠ። ዕቃዎቹን የማጽዳት፣ የመስቀልና ሥራቸው ላይ መግለጫ የመጻፍ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የቤቱ ቁልፍ በእኔ እጅ ነበር፤ ቀን ቀን በቀበቶዬ አንጠልጥዬው እሄድ ነበር።

ከዕቃዎቹ አብዛኞቹን የላከልን ቀኛዝማች ደምሴ የተባለው ባለመሬት ነው። አንድ ቀን በከባድ መኪና ጋሻ፣ ጦር፣ ኮርቻ፣ ቀንበር፣ የወተት ጮጮዎችና አንዲት ቀጠን ያለች ቀይ ዳማ በትር አመጡ። በትሯን ሳያት ወዲያው አወቅኋት። ሲንቄ ናት። እናቴም አንድ አላት፤ ከመኝታ ቤቷ በር ጀርባ ቆማ ነው የምትኖረው። በአርሲ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ሲንቄ ታስይዛታለች። ከዚያ ወዲያ በትሯ የሚስትነቷ ክብር ናት። ባሏ ቢበድላት፣ ጎረቤት ቢያዋርዳት፣ ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰማች ባለትዳር ሴት ሁሉ ሥራዋን ጥላ የራሷን ሲንቄ ይዛ ትወጣለች። በሴቶች ሲንቄ ላይ ተራምዶ የሚያልፍ ሰው የለም። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው አድጌአለሁ። ነገር ግን ያላገባሁ የከተማ ልጅ ስለነበርኩ ነገሩ የተረት ያህል ነበር የሚሰማኝ። በትሯን አጸዳኋት፣ እንድታብረቀርቅ ቫርኒሽ ቀባኋት፣ በሁለት ሚስማር ግድግዳው ላይ ሰቀልኳት። ሥሯ በቆንጆ ጽሑፍ «ጥንታዊ የአርሲ ሴቶች በትር፤ ከቀኛዝማች ደምሴ የተበረከተ» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ ጠዋት የመስኮቱን መስታወት እየወለወልኩ ሳለ አንዲት ሴት መሳፈሪያው ላይ ወጣች። ረጅም ናት፤ ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ እግሯ በጭቃ ተለውሷል። ከሩቅ እንደመጣች ያስታውቃል።

«ገና አልተከፈተም፤ ቅዳሜ ይምጡ» አልኳት በኦሮምኛ።

«ለቅዳሜ አይደለም የመጣሁት» አለችና አልፋኝ ገባች።

ጋሻውን አለፈችው። ቀንበሩ ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆም አለች፤ እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዳ በትሯ ፊት ቆመች። ብዙ ቆየች።

«ይቺ እዚህ ምን ታደርጋለች?» አለችኝ ሳትዞር።

«ለታሪክ የተቀመጠች ናት። የድሮ ሰዎች ይጠቀሙባቸው የነበሩ ዕቃዎች ናቸው እዚህ የሚቀመጡት።»

«የድሮ ሰዎች።»

«አዎ።»

«ሞተዋል?»

ዞር አለችና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ቀበቶዬ ላይ ያለውን ቁልፍ ስታይ ፊቷ ጨለመ።

«እኔ ከዲጃ እባላለሁ» አለች። «ይቺን በትር እናቴ ናት በሠርጌ ቀን ያስያዘችኝ። አልሞትኩም። እግር ግርጌዋ ላይ ጥጃ ነክሷታል፤ አውርጂና እይ።»

በትሯ ከፍ ብላ ስለተሰቀለች ግርጌዋ ሴትዮዋ ከቆመችበት ሆኖ አይታይም ነበር። ወንበር ላይ ወጥቼ ጫፏን ወደ ብርሃን አዞርኩት። ሁለት ትንንሽ የጥርስ ጉድጓዶች ጎን ለጎን ነበሩ። ሳጸዳት አይቻቸው ነበር፤ የአይጥ ሥራ መስለውኝ ነበር።

«ሥሯ የተጻፈው ምን ይላል?» አለችኝ።

አነበብኩላት። የቀኛዝማች ደምሴን ስም ስትሰማ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

ከዚያ ነገረችኝ። ባሏ ለዓመታት የቀኛዝማች ደምሴ ጭሰኛ ነበር። ቀኛዝማች ደምሴ ትራክተር ከገዛ በኋላ ጭሰኛ አያስፈልገኝም አለ። በዚያ ዘመን አርሲ ውስጥ በእንዲህ ያለ ሁኔታ የተፈናቀለው ሰው ብዙ ነው። አንወጣም ሲሉ ትራክተሩ መጥቶ ጎጆአቸውን ገፍቶ ጣለው። ልጆቿንና ከብቶቿን ስታወጣ ዕቃዋ ውስጥ ቀረ። የባለመሬቱ ሰዎች የተረፈውን ለቃቅመው ጫኑት። ቀንበሩም የባሏ ነው። አንዱ ጮጮ የጎረቤቷ ነው። ለገሃር ግንብ ሲጠግን የዋለ ዘመዷ ነው በትሯን ግድግዳ ላይ አይቶ የነገራት።

«ቀንበሩን ተዉት» አለች። «የምናርስበት መሬት የለንም። ሲንቄዬን ግን ስጪኝ።»

«የእኔ አይደለም ልሰጥዎ፤ አለቃ አለብኝ። እዚህ ይጠብቁኝ፤ ሄጄ አነጋግረዋለሁ።»

«ለራሴ ዕቃ ነው የምትለምኚልኝ?» አለችና መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

በሩን ለጥበቃው ለባሻ ገብሬ አደራ ብዬ ወደ ቢሮ ሮጥኩ። ባሻ ገብሬ የድሮ ወታደር ነው፤ ገና ሥራ ከገባሁ ጀምሮ «ሴት ልጅ ቁልፍ ይዛ» እያለ ሲያጉረመርም ነው የኖረው።

አቶ ታምራት የቅዳሜውን ንግግሩን ሲለማመድ አገኘሁት። የሆነውን ሁሉ ስነግረው ቀና ብሎም አላየኝም።

«አንዲት ባላገር መጥታ የእኔ ነው ስላለች ነው ሥራ ጥለሽ የመጣሽው?»

«ጌታዬ፣ ምልክቱን ሳታየው ነው የነገረችኝ። ሄጄ አየሁት፤ እንዳለችው ነው።»

«ነገ ሌላው መጥቶ ጋሻው የእኔ ነው ይላል። ከነገ ወዲያ ኮርቻው የእኔ ነው ይላል። ባዶ ግድግዳ ልናስመርቅ ነው?»

«እንዲህ ከሆነ ባለቤት እንዳላቸው ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

ጥያቄው ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። አቶ ታምራት ከወንበሩ ተነስቶ ፊቴ ላይ መጣ።

«ስሚ አንቺ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይህን እንጀራ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። አባትሽ ገበያ ላይ ሱቅ ከፍቶ የሚውለው ማንም ስለማይነካው ነው። በትሯ ከተነቀለች አንቺም አባትሽም እዚህ ከተማ ውስጥ አትቆሙም። ሂጂና ሴትዮዋን አስወጪ።»

ስመለስ ባሻ ገብሬ ጨርሶት ጠበቀኝ። ሴትዮዋን እጇን ጠምዝዞ ጎትቶ አውጥቷታል። መሳፈሪያው ላይ ወድቃ ሻሿ ከራሷ ወልቋል፤ ክርኗ ደምቷል። ላነሳት ጎንበስ ስል እጄን መታችው።

«አትንኪኝ።»

ብቻዋን ተነሳች። ሻሿን አላሰረችም። ወደ ቆላው በኩል ዞራ ጮኸች።

እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። የለቅሶም የፍርሃትም አልነበረም፤ ረጅም ነው፣ ይቆምና እንደገና ይነሳል። ባሻ ገብሬ ሊስቅ ሞከረ። በታች ካሉት የገብስ ማሳዎች አንዲት ሴት መለሰች። ከዚያ ከወንዙ ማዶ ሌላ። ከዚያ ከየት እንደሆነ ከማላውቀው ቦታ ሌላ። ባሻ ሳቁን አቆመ። ሴትዮዋ መሳፈሪያው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ወደ እኛ ዳግመኛ ሳታይ ቀረች።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ራት እያቀረበች ነበር።

«የጮኸችው ማን ናት?» አለችኝ።

«ሰማሽው እንዴ?»

«ማን ናት ነው ያልኩሽ።»

ነገርኳት። አባቴ ከወዲያ ሆኖ ሰምቶ ኖሮ «ከዚህ ነገር እጅሽን አውጪ። የገጠር ሰው ጣጣ ለእኛ ምናችንም አይደለም» አለኝ። እናቴ ወደ እሱ ተመለከተችና ትሪውን ሳታነሳ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ አርብ ስነሳ ምድጃው ቀዝቃዛ ነበር። ላሟ ሳትታለብ በረት ውስጥ ትጮኻለች። አባቴ ከክፍል ክፍል እየተዘዋወረ እናቴን ይፈልጋል። የመኝታ ቤቷን በር ጀርባ አየሁት፤ ሲንቄዋ የለችም። ለአባቴ ሳልነግረው ወጣሁ።

ለገሃር ስደርስ ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። አሮጊቶች፣ ልጅ ያዘሉ፣ በአንድ ሌሊት ከየት እንደመጡ የማይታወቅ። መሳፈሪያው ላይና ሣሩ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። በሩ ፊት ሲንቄዎቻቸውን አንዱን ከአንዱ አስደግፈው በአግድም ዘርግተዋቸዋል። ባሻ ገብሬ ጥግ ላይ ቆሞ ዱላውን ይነካካል፤ አልተጠጋም። ከሴቶቹ ወዲያ ደግሞ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ወንዶች መሰብሰብ ጀምረዋል። ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው ናቸው። ጦር የያዙም አሉ።

«የቁልፏ ልጅ መጣች» አለች አንዷ። ሌላዋ እግሬ አጠገብ ምራቋን ተፋች። ዓይኔ እናቴን ፈለገ፤ አገኘኋት። ከዲጃ ጎን ተቀምጣለች። እንደማታውቀኝ ሁሉ ወደ መሬት አቀርቅራ ነበር።

ወዲያው አቶ ታምራት በላንድሮቨር ደረሰ። ከኋላው ፖሊሶች የጫነ መኪና ተከትሎታል። ወርዶ ግቢውን ሲያይ ፊቱ ቀላ።

«በቋንቋቸው ንገሪያቸው» አለኝ። «ነገ እንግዳ ይመጣል። አሁኑኑ ካልተበተኑ በዱላ ይበተናሉ።»

ተናገርኩ። ቃሉን ሳልቀንስ ሳልጨምር ተናገርኩ። ከዲጃ ተቀምጣ እንዳለች መለሰችልኝ።

«ሲንቄዬን ከሌቦች ግድግዳ ላይ አውርዶ በእጁ ያምጣልኝ፤ እንሄዳለን በይው።»

ይህንንም ሳልቀንስ ተረጎምኩት። አቶ ታምራት «ሌቦች» የሚለውን ሲሰማ ጥፊ ያነሳብኝ መሰለኝ፤ ግን ወንዶቹን አየና እጁን መለሰ።

«የመንግሥት ንብረት ሆኗል በያቸው።»

ስናገር እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሳች። እኔን ሳይሆን ሰው ሁሉ እንዲሰማው ነው የተናገረችው።

«ኢንተላ» አለችኝ፤ ልጅት ማለት ነው። ስሜን አልጠራችም። «ያንን ሰው ጠይቂልኝ። እናቱ የተዳረችበትን ልብስ ሰው ወስዶ ገበያ ላይ ቢሰቅለው የመንግሥት ነው ይላል?»

ተረጎምኩት። አቶ ታምራት ሴትዮዋ እናቴ መሆኗን አያውቅም ነበር፤ ባሻ ገብሬ ጠጋ ብሎ በጆሮው ነገረው። ዞር ብሎ አየኝ።

«ሃምሳ አለቃ፣ አስለቅቃቸው» አለ።

የፖሊሶቹ አዛዥ የዶዶላ ልጅ፣ ራሱም አርሲ ነበር። ጥቂት እርምጃ ሄደና በአግድም ከተዘረጉት በትሮች ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ በዚህ ላይ መሻገር አይሆንም» አለ።

«ምን አልክ?»

«እኔም እናት አለችኝ ጌታዬ። ሌላ ሰው ይዘዙ።»

አቶ ታምራት ገፈተረውና ራሱ ሄደ። እጄን ይዞ እየጎተተኝ ነበር። በትሮቹ ጋ ስንደርስ ያለኝን ኃይል ሁሉ አውጥቼ እጄን አስለቀቅሁና ወደኋላ አፈገፈግሁ። እሱ ግን በጫማው ሁለቱን ረግጦ ተሻገረ፤ አንዷ ቀጭን በትር ከጫማው ሥር ተሰበረች። የስብራቱን ድምፅ ሁላችንም ሰማነው።

ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ላይ ተነሱ። አንዲትም አልጮኸችም፤ ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ከዛፎቹ ሥር ወንዶቹ መምጣት ጀመሩ። ፖሊሶቹ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። አቶ ታምራት በሩን ሲገፋ ተቆልፏል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። እጁ ወደ ወገቡ ሄደ፤ ሽጉጥ እንደሚይዝ አውቃለሁ።

ከቤቱ በስተኋላ ትንሽ የእህል ማስገቢያ መስኮት ነበረች። በበትሮቹ ላይ ሳልሻገር የምገባባት እሷ ብቻ ስለነበረች ዞሬ ሮጥኩ፤ መስታወቱን በድንጋይ ሰብሬ ገባሁ። መዳፌን ቆርጦኛል፤ ያወቅሁት በኋላ ነው። ወንበር አስጠግቼ ሲንቄዋን ከሚስማሮቹ ላይ አወረድኳት። ከዚያ የፊቱን በር ከውስጥ ከፈትኩት።

አቶ ታምራት በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ሲዞር እጄ ላይ ያለውን አየ።

«መልሺው» አለኝ። «መልሺው፤ ትታሰሪያለሽ።»

«ያሳስሩኝ» አልኩት።

ድፍረት እንዳይመስላችሁ። ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው ያልኩት። ሽጉጡን እንደያዘ ወንዶቹን እንደገና አየ። ምን ቢያስብ እንደሆነ አላውቅም፤ ከመንገዴ ዞር አለ።

ወጣሁና ቆምኩ። ፊቴ በትሮቹ ተዘርግተዋል፤ መሻገር አልችልም። ሲንቄዋን በሁለት እጄ ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። አንዲትም ሴት አልተንቀሳቀሰችም። ደም ከመዳፌ በትሯ ላይ ይወርዳል። እስከ መቼ እንደሚያቆሙኝ ማወቅ አልቻልኩም። በመጨረሻ እናቴ ጎንበስ ብላ የራሷን ሲንቄ አነሳች፤ አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ተከፈተች። አሁንም ፊቴን አላየችም።

ከዲጃ በትሯን ተቀበለችኝ። ገልብጣ የጥጃውን ጥርስ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተቻት።

«ምንድን ነው የቀባሻት?»

«ቫርኒሽ... እንድታምር ብዬ ነው።»

«እኛ ቅቤ ነው የምንቀባት» አለች። «አሁን የሞተ ዕቃ ትሸታለች።»

ምስጋና ጠብቄ ነበር። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፤ እዚያ ደም እየፈሰሰኝ ቆሜም ምስጋና ጠብቄ ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በትሯ ብትመለስም ሲንቄ ረግጦ የተሻገረ ሰው ይቅርታ ሳይጠይቅ ሴቶች ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሽማግሌዎች መሐል ገቡ። እኔ በሽማግሌዎቹና በአቶ ታምራት መሐል እየተመላለስኩ ሳስተረጉም ቀኑ ዋለ። እሱ ሲናገር ወደ እኔ አያይም ነበር። ነገ ባለሥልጣኑ መጥተው ይህን ሁሉ ሴት ግቢ ውስጥ ቢያዩ የእሱ ነገር እንደሚያበቃ ሲገባው፣ ከቀኛዝማች ደምሴ በረት ለእርቁ የምትታረድ አንዲት ጊደር ተነድታ መጣች። አቶ ታምራት የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በሴቶቹ ፊት ቆመ። «አጥፍቻለሁ» አለ። ጥርሱን ነክሶ ነው ያለው። ሴቶቹ የልቡን እንዲያወጣ አልጠየቁትም፤ ቃሉን ተቀበሉ፣ ጊደሯ ታረደች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢው ባዶ ሆነ።

ቅዳሜ ባለሥልጣኑ መጡ፤ ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ግድግዳው ላይ ሁለት ሚስማሮችና የእኔ ጽሑፍ ብቻ ቀርተው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። እኔ አልተጋበዝኩም። ሰኞ ቢሮ ስሄድ ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ባሻ ገብሬ ቁልፉን ተቀብሎኝ «ብዬ ነበር» አለኝ።

ቤትም አልተሻለኝም። የአባቴ ሱቅ በአንድ ሰበብ ለወራት ታሸገ። አባቴ እናቴን ማናገር ተወ፤ እኔንም ካናገረኝ «ያመጣሽብንን አየሽ?» ለማለት ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ልብስ እያጠብን ጠየቅኋት።

«ያን ቀን ለምንድን ነው ስሜን ያልጠራሽው?»

ልብሱን ጨመቀችና «ስምሽን ብጠራ ልጄ ትሆኛለሽ» አለችኝ። «ልጄ ከሆንሽ ተነስቼ እወስድሽ ነበር። ከዚያ በሩን ማን ይከፍት ነበር?»

ከዚያ ወዲህ ከእናቴ ጋር የነበረኝ ነገር ተለወጠ። የገጠር ሴት ናት፣ አታውቅም እያልኩ ነገር ሁሉ የማስረዳት ልማድ ነበረኝ፤ ተውኩት። ጠያቂዋ እኔ ሆንኩ።

በቆጂ ትምህርት ቤት ሥራ አገኘሁና ዕድሜዬን በማስተማር ጨረስኩ። ዘመን ተለወጠ፤ አቶ ታምራት የት እንደገባ አላውቅም። የቀኛዝማች ደምሴ መሬት ተወረሰ። ለገሃርም ሙዚየምነቱ ቀርቶ እንደገና የእህል መጋዘን ሆነ፤ ጋሻውና ቀንበሩ የት እንደደረሱ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። እናንተ ይህን የምታነቡ ምናልባት ሙዚየም መግባት የምትወዱ ትሆናላችሁ። እኔም እወዳለሁ። አሁን ግን መስታወቱ ፊት ስቆም መጀመሪያ የማስበው ዕቃው ስንት ዘመን አለው የሚለውን አይደለም። ማን ሰጠው፣ ከማን ወስዶ፣ ብዬ አስባለሁ። እናንተም አንድ ጊዜ እንዲህ ብላችሁ ብትጠይቁ አይከፋኝም።

ይህን ታሪክ ሳወራ ሰዎች ጀግና ያደርጉኛል። ስለዚህ የመጨረሻውን ሁልጊዜ እጨምርላቸዋለሁ። መሬት ለአራሹ ከታወጀ ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ የገበያ ቀን አሰላ ውስጥ ከዲጃን አየኋት። አሞሌ ጨው ትገዛለች። አርጅታለች፤ ቁመቷ ግን እንዳለ ነው። ልቤ እየዘለለ ሄጄ ሰላም አልኳት።

«አዮ፣ አወቁኝ?» አልኳት። አዮ ማለት እናቴ ማለት ነው።

ትንሽ አየችኝ። «አወቅሁሽ» አለች።

«ያን ጊዜ ከሥራዬ አባረሩኝ» አልኳት። ለምን ይህን እንዳስቀደምኩ ራሴም አላውቅም።

«እኛንም ከቤታችን አባረውን ነበር» አለች።

ጨውዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

«ልጄ» አለችኝ፤ ድምፏ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ፍቅርም አልነበረም። «የራሴን ነው የወሰድኩት። አንቺ ከመንገዴ ነው ዞር ያልሽው። ይህንንም ስንቱ አያደርገውም፤ ግን ከዚህ አታሳድጊው።»

ተሰናብታኝ በሰዎቹ መሐል ሄደች። እውነቷን ነው።